«ሬስት ኢን ፒስ» መቼ ይጻፋል?

ሰው በሰው አገር ቋንቋ ሲያዝን ሐዘኑ ሳይቀለው አይቀርም። «ነፍስ ይማር» ለማለት እኮ ወገብ ይጠይቃል። ነጠላ ዘቅዝቆ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ደጃፍ ድረስ ሄዶ፣ አግዳሚው ላይ ቦታ ተፈልጎለት ቁጭ ብሎ ነው የሚባለው። «ሬስት ኢን ፒስ» ግን ቆሞም ይባላል። ባጃጅ ውስጥ ተጣብቆ፣ በአንድ እጅ ትኩስ ድንች ይዞ፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት ብቻ ተጽፎ ያልቃል። ጸሐፊውም እንደጨረሰ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይሄን ስላችሁ ደግሞ «ሰውዬው ሥልጣኔ ይጠላል» እንዳትሉኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ይችን ታህል የኖርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ቅሬታዬ ከራሴ ጋር ነው፤ እሱንም ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ኢንጅባራ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። ከቢቸና ስመጣ ጸጉሬ ሙሉ ነበር፤ ቀሪውን ብርዱና ዘጠነኛ ክፍል ተካፍለውታል። ያ ታች ስክሪን የሚሉት ስልክ ከተማችን የገባ ሰሞን ሰው ሁሉ ፌስቡክ ከፈተ፤ ፌስቡክ የከፈተ ሁሉ ደግሞ በአጭሩ «አር አይ ፒ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ለማን? ላገኘው ሁሉ ነዋ! እግሩ ለተሰበረ «አር አይ ፒ»፣ ለተሸነፈ የኳስ ቡድን «አር አይ ፒ»፣ ወደ ጫግኒ ተዛውሮ ለሄደ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሳይቀር «አር አይ ፒ»። ሰውየው በሕይወት አለ፤ ቆላው ተስማምቶት ወፍሯል እንኳ።

እኔ ደግሞ ስህተት አይቼ ማለፍ የማልችል ክፉ አመል አለብኝ። አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብቼ የምግብ ዝርዝሩን በቀይ እስክርቢቶ አርሜ ወጥቻለሁ፤ አስተናጋጇ እስካሁን በጎን ነው የምታየኝ። እናም ቁጭ ብዬ ትምህርት ጻፍኩ። ይኼ አባባል የሚጻፈው ለሞተ ሰው ብቻ ነው፤ ሰው በሦስት ፊደል አይሸኝም፣ አሳጥራችሁ አትጻፉት፤ ስሙን ጥሩት፣ ሟች ስም አለው። መጨረሻ ላይ «ሜይ ሂዝ ሶል ሬስት ኢን ፒስ» ብዬ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንደ ልብስ ስፌት ልክ አስቀመጥኩላቸው።

ሰው ተቀበለኝ። ያ ነው እንግዲህ የጉዱ መጀመሪያ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ከተማው እኔን መጠበቅ ያዘ። «መምህር ምን ብሎ ጻፈ?» ይባላል። እኔ እጽፋለሁ፤ ከሥሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ነጥቧን ሳይቀር ገልብጦ ይለጥፋል። ነገሩ ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸቴን ነው። ሃያ ዓመት አስተምሬ ከተማው አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ስህተት ሲጽፍ ማየት ቀላል ነገር መሰላችሁ? እንዴት እንደሚጻፍ አስተማርኩ፣ ለማን እንደሚጻፍ አስተማርኩ። መቼ እንደሚጻፍ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ማን አስቦት!

አሁን ወደ ይታይሽ ልምጣ። ይታይሽ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ ከቤቴ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በልጅነቷ አንድ ነገር ነበራት። ፈተና ላይ ልክ የሆነውን መልስ ትጽፋለች፤ እኔ በመደዳው ሳልፍ አጠገቧ ትንሽ ከቆምኩ ግን «ተሳሳትኩ ማለት ነው» ትልና በላጲስ አጥፍታ የተሳሳተውን ትጽፋለች። የማርያም ያለህ! ስንቱን ማርክ በእኔ እግር የተነሣ አጥፍታዋለች። በኋላ በኋላ ፈተና ላይ በእሷ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር።

አንድ ቀን በምንባቡ ውስጥ የመቃብር ድንጋይ መጣ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ያቺው አባባል። «ለማን ነው የሚጻፈው?» ብዬ ጠየቅሁ። ስድሳ ተማሪ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ይታይሽ ብቻ ጣቷን ከትከሻዋ ሳታሳልፍ አወጣች።

«ለሞተ ሰው፣ መምህር።»

ደብተሯ ላይ በቀይ «ቬሪ ጉድ» ብዬ ጻፍኩላት። ወንድሟ ፈንታሁን ያንን ገጽ ቆርጦ መኪናው ውስጥ፣ ከመስተዋቱ በላይ እንደለጠፈው ሰምቻለሁ። ፈንታሁን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እናት አባታቸው ሲሞቱ እሷን ከደንግላ ገጠር አምጥቶ፣ እህል ከጫግኒ እያመላለሰ ያሳደጋት እሱ ነው። የፎቶ ኮፒውን ማሽንም እሱ ነው የገዛላት። እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ አባት ነው የምታየው፤ «አያ» ትለዋለች እንጂ ስሙን ጠርታ አታውቅም።

እንግዲህ ይሄ የምነግራችሁ ነገር የሆነ ጊዜ ይታይሽ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ነበረች። ወንድ ልጅ። ፈንታሁን ለክርስትናው ሙክት አስሮ እየቀለበ ነው ተብሎ ይወራ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጫግኒ ዘመድ ያለው ባልደረባዬ ስልኩን ዘግቶ «ፈንታሁን ተገልብጦ ሞተ፤ ጎህ ሲቀድ ነው አሉ» አለን። ስልኬን ስከፍት አንድ ጓደኛው ፎቶውን አውጥቶታል፤ መኪናው በር ላይ ተደግፎ ሲስቅ። ቃል አልጻፈበትም፤ እጁ አልታዘዘለትም መሰለኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሻዬን አስቀመጥኩና ጻፍኩ። ስሙን ጠርቼ፣ ሳላሳጥር፣ ነጥቧን በቦታዋ አድርጌ። ጽፌም ደግሜ አነበብኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝና አምሮኝ ነበር። የአንድ ክፍለ ጊዜ ሩብ ሳይሞላ ከሥሬ አርባ ሰው ገልብጦ ለጠፈው። አንድ ሰው እንኳ በአማርኛ «ነፍስ ይማር» ያለ የለም። እኔ ነኛ ያስተማርኳቸው!

ስልኬ ጮኸ። የይታይሽ ባል አለልኝ ነው።

«መምህር፣ በማርያም ይሁንብዎት፣ የጻፉትን ያጥፉልኝ! ይታይሽ አልተነገራትም!»

እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ሞት እንደ ወሬ አይነገርም። መርዶ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዙት እጆች ዙሪያውን ቆመው ነው የሚነገረው። ለአራስማ ጭራሽ! ብርድ ይመታታል፣ ወተቷ ይደርቃል ይባላል። ደንግላ ያሉት አጎቷ አያ ቢተው ወስነዋል፤ ሬሳው ከጫግኒ መጥቶ በኢንጅባራ አልፎ ደንግላ ይገባል፣ በዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል፣ ዘመዱ ሁሉ ደግሞ በማግሥቱ ማለዳ መጥቶ ያረዳታል። እስከዚያ ይታይሽ ምንም ማወቅ የለባትም። ስልኳ ግን ትራሷ ሥር ነው።

የራሴን ወዲያው አጠፋሁ። አርባውንስ? አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ባንክ ቤት የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«ስማ፣ የጻፍከውን አጥፋው።»

«ምነው መምህር፣ ስህተት አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«እርስዎ እንዳሉት እኮ ነው የጻፍኩት። ስሙንም ጠርቻለሁ።»

«አጥፋው ነው የምልህ!»

ሁለተኛዋ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት «ይቅርታ መምህር፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ምን እንዳስተካከለች አንድዬ ይወቀው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ኔትወርክ ጠፋ። በሕይወቴ ኔትወርክ ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታዬ ግን አፍታ አልቆየ። ኔትወርኩ እሷ እንዳታይ እንደጠፋ ሁሉ፣ የጻፉትም ሰዎች እንዳያጠፉ ጠፍቷል። መጀመሪያ የሚደርሰው የትኛው ይሆን?

አለልኝ ሬሳውን ለመቀበል መሄድ ነበረበት። ስልኳን ቢቀማት ትጠረጥራለች። ደጃፍ ላይ አገኘኝና፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ «እርስዎን ታከብራለች፤ እስክመለስ አጠገቧ ይቀመጡልኝ» አለኝ። አንድ ኪሎ ስኳርና ሁለት ሳሙና ገዝቼ፣ የእርማት ወረቀቴን በብብቴ ይዤ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አራስ ጠያቂ ሆኜ ገባሁ። ጓዳ ውስጥ ገንፎ የሚያገነፉት ሴቶች ያውቃሉ። ማማሰያው ብቻ ይሰማል እንጂ ድምፃቸው የለም።

«ውይ መምህር፣ ሥራ ፈትተው መጡ?» አለችኝ ልትነሣ እየቃጣት።

«ተኚ፣ ተኚ! ማርያም ትማርሽ። እስቲ ልጁን ልየው።»

ልጁን አየሁት። ግንባሩ ቁርጥ ፈንታሁን ነው። ላብ አጠመቀኝ፤ ኢንጅባራ ላይ፣ በዚያ ጉም፣ ላብ! ስለ ልጁ አወራሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ቀርከሃ አጥሬ መውደቅ ሳይቀር አወራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለፍልፌ አላውቅም። ዐይኔ ግን ከትራሱ ሥር አልተነሣም። ከዚያ ስልኩ ጢጥ አለ። ቀጥሎ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ኔትወርኩ መጣ።

አወጣችው። ፈገግ አለች። «የአያ ፎቶ ወጥቷል» አለች። ጣቷን ወደ ታች ሳበችው። ፈገግታዋ ሳይጠፋ ቆመ፤ ከዚያ ቅንድቧ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ።

«መምህር፣ ይኼ... ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የጻፈለት። ሬስት ኢን ፒስ ይላል። ይኼ ለሞተ ሰው አይደል እንዴ የሚጻፈው?»

ጓዳው ውስጥ ማማሰያው ቆመ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቻለሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ደንግላ በሚኒባስ ቢዘገይ አንድ ሰዓት ነው። አሁን ብነግራት አፈር ሳይለብስ ትደርሳለች፣ ፊቱን ታያለች። አስቤዋለሁ። ግን አያ ቢተው ወስነዋል፣ ባሏ ለምኖኛል፣ ልጁ ጡት ላይ ነው፤ እኔስ ማን ነኝና ብቻዬን አራስ የማረዳ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፈራሁ። ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«ኧረ ተይ!» አልኩ እየሳቅሁ። «አጎት ሆንክ ብለው ነው የሚመርቁት። ሰላም ያድርግህ፣ እንደማለት ነው።»

«ዘጠነኛ ክፍል እኮ... የመቃብር ድንጋይ...»

«እሱ ሌላ ነው። ተምታቶብሽ ነው፣ ይታይሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በመደዳው ሳልፍ አጠገቧ የቆምኩ ጊዜ የምታየኝ አስተያየት ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«ተምታቶብኝ ነው ለካ» አለች። «ይኼ እንግሊዝኛ መቼም አልሆነልኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። አሳየችኝም። በአማርኛ ነው፤ «አሜን፣ ወንድሜን ስለምትወዱልኝ አመሰግናለሁ» ይላል። አርባ ሰው ያንን ሲያነብ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደወለችለት። «ጥሪ አይቀበልም ይላል» አለች። «ቆላ ወርዶ ይሆናላ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ መቅለሉ! ይሄን እያልኩ አስፋልቱ ላይ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ ተሰማ፤ ጥሩንባ የለም፣ ጩኸት የለም፤ እሷ እንዳትሰማ ሲሉ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነው ያለፉት። ልጁ አለቀሰ። «ምን ሆነብኝ ደግሞ» ብላ አጠባችው። ከመንገዱ እስከ አልጋዋ አንድ የድንች ማሳ ነው ያለው። ፈንታሁን በዚያ በኩል አለፈ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው ሞላ። አያ ቢተው ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ከፊት ገቡ። ሰው ቦታ ቦታውን ያዘ፤ አለልኝ ልጁን ከእቅፏ ተቀበላት፣ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ቆሙ። ሁሉም ነገር እንደ ወጉ። አያ ቢተው የነገሯት በአገውኛ ነው። ሃያ ዓመት ኖሬ አገውኛ አልለመድኩም፤ የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው። የጮኸችውም በአገውኛ ነው። ምን እንዳለች አላውቅም፣ ማንም እንዲተረጉምልኝ አልጠየቅሁም።

ረፋድ ላይ ልቅሶው ጋብ ሲል እጅ ልነሣ ገባሁ። እዬዬ ትላለች ብዬ ነበር፣ ትቆጣለችም ብዬ ነበር። ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።

«ልክ ነበርኩ ለካ፣ መምህር።»

«ነበርሽ» አልኩ።

«በስንት ሰዓት ተቀበረ?»

«በዘጠኝ።»

ጣቶቿን እንደመቁጠር አደረገችና ተወችው። «እርስዎ ሲሉኝ ጊዜ ነው እንጂ የተውኩት፣ ልብሴን ለባብሼ ልነሣ ነበር» አለች። ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወተቷ አልደረቀም። ልጁ ዛሬ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር የሚጮኽ ሕፃን ነው፤ ሙክቱም ለአርባ ታረደ፣ ክርስትናና ተዝካር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተከታትለው ዋሉ። እና እሷ? ሰላም ትለኛለች። ወረቀት ስልክ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ኮፒ ታደርግልኛለች። አንድ ጊዜም ክፉ ፊት አሳይታኝ አታውቅም። ከተማው ደግሞ አሁንም ሰው በሞተ ቁጥር «መምህር እንዴት ብለን እንጻፍ?» ብሎ ይልክብኛል። «መጀመሪያ ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ?» እላለሁ። «እሱን አናውቅም፣ እንግሊዝኛውን ነው የጠየቅንዎት» ይሉኛል። ምን ላድርጋቸው?

የእርማት አመሌ ግን ተቀይሯል። የተማሪ ወረቀት ላይ የተፋቀ መልስ ካገኘሁ መስኮት ጋ ወስጄ ወደ ብርሃኑ አነሣዋለሁ፤ ላጲስ ሁሉንም አያጠፋም፣ የእርሳሱ ዱካ ይቀራል። ከሥር ያለው ልክ ከሆነ ለእሱ ማርክ እሰጣለሁ። ርዕሰ መምህሩ ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተናግሮኛል። ደንቡንማ አውቀዋለሁ።